የታመመ አብራሪና የሐኪም ወረቀት

የአራዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በምኒልክ አደባባይ የሚነፍሰው የጥር ነፋስ ኮት የለበሰውንም ያልለበሰውንም እኩል ያንቀጠቅጣል። ባለፈው ጥር ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ከአደባባዩ ዝቅ ብላ በምትገኝ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት፣ እርሱ ሦስት ቃል ተናግሮ አንድ ጊዜ ያስላል፤ አንድ ጉንጭ ሻይ ጠጥቶ አፍንጫውን ይጠርጋል። ዓይኑ ቀልቷል። ግንባሩን በእጄ ብዳስሰው ይፋጃል።

ይህ ወዳጄ በባዕድ አገር አየር መንገድ የሚሠራ ረዳት አብራሪ ነው። ያን ዕለት ቦሌ አርፎ ነበር። ሌሊቱን ከእናቱ ዘንድ አድሮ፣ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መንገደኞቹን ይዞ መሥሪያ ቤቱ ወዳለበት የባሕር ጠረፍ ከተማ ይመለሳል።

«ነገስ አትብረር፤ ደውልና ታምሜአለሁ በላቸው» አልሁት።

«ታምሜአለሁ ማለቱስ ቀላል ነበር፤ ወረቀቱን ከየት አመጣለሁ?» አለኝ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። በእነርሱ መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት አንድ አብራሪ ለአንዲት ቀን እንኳ ቢቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማስረጃው የሚታመነውም ኩባንያው ስማቸውን ከመዘገባቸው ሐኪሞች ከአንዱ የመጣ እንደ ሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱን በዚያ ሰዓት ለማግኘት መሞከር ደግሞ ሌሊቱን በመንገድ ማሳለፍ ነው። ያም ሆኖ ቀሪ ቢሆን፣ በማግሥቱ ከሠራተኞች አስተዳደር ክፍል አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ፣ «በዚህ ዓመት ስንተኛህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የካፒቴንነት ማዕርግ ተራው ሲደርስ የሚገለጠውም ያው መዝገብ ነው።

ሒሳቡን ከፍለን ወጣን። እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሸኘሁት። በማግሥቱ በረረ።

ለወጣት አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። በትምህርት ላይ ላላችሁትም ሆነ በቅርቡ የቢሮ ወንበር ለያዛችሁት ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። እኔ ግን የአብራሪውን ታሪክ የመረጥሁት ነገሩ በእርሱ ላይ እንደ ፀሐይ ግልጥ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ጸሐፊ ታምሞ ቢሮ ቢገባ ደብዳቤ ይበላሻል። አብራሪ ታምሞ ቢበር ግን ከኋላው ሁለት መቶ ሰው ተቀምጧል።

በመጀመሪያ ጉንፋን በአይሮፕላን ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ጆሮአችን ከጉሮሮአችን ጋር በአንዲት ቀጭን ቧንቧ የተገናኘ ነው። በዚህች ቧንቧ አየር እየገባና እየወጣ በጆሮ ውስጥ ያለውን አየር ከውጭው ጋር ያስተካክላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቧንቧው ያብጥና ይደፈናል። ቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ዘመናዊው የመንገደኞች አይሮፕላንም በሰማይ ላይ ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ በውስጡ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ስፍራ ሆኖ እንዲጠበቅ ይደረጋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ጆሮው ብዙም አይታወቀውም። በሰማይ ላይ ሆኖም ቢሆን አየሩ የአራዳ አየር ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሁለት ሺህ ሜትር ያህል የአየር ክብደት በጆሮው ታምቡር ላይ ይጫናል፤ ቧንቧው ከተደፈነ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይጐብጣል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል።

በወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲደውልልኝ እንደ ነገረኝ፣ መውረድ ሲጀምሩ ጆሮው በሚስማር የተወጋ ያህል ሆነ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ሰው በሬዲዮ የሚሰጠውን ቁጥር አንዱን ሰምቶ ሌላውን መስማት ተሳነው። መሪውን ለካፒቴኑ አስረከበ። ካፒቴኑም አይሮፕላኑን በሰላም ካሳረፈ በኋላ ጆሮ ማድመጫውን አውልቆ፣ «እንዲህ ሆነህ ለምን መጣህ?» ብሎ ጠየቀው። ወዳጄም እውነቱን ነገረው። ካፒቴኑ ምንም አልመለሰለትም አሉ፤ ምናልባት እርሱም አንድ ቀን እንዲሁ አድርጎ ያውቅ ይሆናል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? የዓለም የአየር ጉዞ ሕግ መሠረቱ በ1937 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ1944) በቺካጎ የተፈረመው ውል ነው። አገራችንም በዚያ ጉባኤ ከተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚህ ውል አባሪዎች መካከል የመጀመሪያው ስለ አብራሪዎች ፈቃድ የሚናገር ሲሆን፣ በውስጡ አንድ ግልጥ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም አብራሪው ጤንነቱ መጓደሉንና በዚህም ምክንያት ሥራውን በደኅና ሊያከናውን የማይችል መሆኑን ያወቀ እንደ ሆነ፣ በያዘው ፈቃድ እንዳይሠራ የሚከለክል ነው። ልብ አድርጉ፤ «ሐኪም ከመሰከረ» አላለም፤ «ካወቀ» ነው ያለው። አብራሪው በየዓመቱ፣ ዕድሜው ስድሳ ካለፈም በየስድስት ወሩ፣ ተፈቅዶለት በተሾመ ሐኪም ፊት ቀርቦ ልቡም ዓይኑም ጆሮውም ይመረመራል። ነገር ግን በሁለት ምርመራዎች መካከል ባሉት ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀኖች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ልብሱን ሲለብስ «ዛሬ ደኅና ነኝ ወይስ አይደለሁም» ብሎ የሚፈርደው ዳኛ እርሱ ራሱ ነው። ዓለም ይህን ፍርድ ለእርሱ የሰጠው ስለሚወደው አይደለም። በዚያ ሰዓት ሌላ ዳኛ ስለሌለ ነው።

ታዲያ ሕግ «ራስህ ፍረድ» ያለውን ሰው አሠሪው «ፍርድህን በማኅተም አረጋግጥ» ሲለው፣ ሰውየው በሁለት ትእዛዝ መካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። ቢቀር ወረቀት ይጠየቃል፤ ቢበር ማንም ምንም አይጠይቀውም። ሰው ደግሞ ጥያቄ ወደሌለበት ወገን ማዘንበሉ የታወቀ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 85ና 86 ስለ ሕመም ፈቃድ ይደነግጋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም መሥራት ቢያቅተው፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው፤ የሚቀጥሉት ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ይህ መልካም ሕግ ነው። ከባድ ሕመም ያገኘውን ሰው ያስታምማል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚገኘው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ሲቀርብ ነው፤ ለአንድ ቀን ትኩሳትና ለስድስት ወር ሕመም የተለየ መንገድ አላበጀም።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1999 ዓ. ም. ወጥቶ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ሲቀር በተቻለ ፍጥነት ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ ካዘዘ በኋላ፣ የሐኪም ማስረጃ የሚያስፈልገው በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ወይም በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ከስድስት ቀን በላይ የቀረ እንደ ሆነ ነው ብሎ ነበር። ማለትም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ለአንድና ለሁለት ቀን ሕመም ቃሉ ይበቃው ነበር። ሕግ አውጪው በጊዜው ያሰበው ግልጥ ነው፤ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ጉንፋን ደግሞ መድኃኒቱ ትኩስ ነገርና እንቅልፍ እንጂ በሐኪም ቤት ደጃፍ መሰለፍ አይደለም። እንግዲህ ለፋይል ጠባቂው የታሰበው ርኅራኄ ነፍስ ለሚጠብቀው መነፈጉ ይገርመኛል።

በሌሎች አገሮችም መንገዱ የተለያየ ነው። በብሪታንያ ሠራተኛው እስከ ሰባት ቀን ድረስ መታመሙን በራሱ ቃል ያረጋግጣል፤ ሐኪም የሚጠየቀው ከዚያ ሲያልፍ ነው። በጀርመን ሕመሙ ከሦስት ቀን የበለጠ እንደ ሆነ ማስረጃ ይቀርባል፤ አሠሪው ግን ከፈለገ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይችላል። እነዚህ አገሮች ሰነፍ ሠራተኛ የሌለባቸው ሆነው አይደለም። አንድ ሐኪም የጉንፋን ወረቀት ሲጽፍ የሚያሳልፈው ሰዓት ከሌላ በሽተኛ የተወሰደ መሆኑን ስላሰሉ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት እኔም አንድ ማክሰኞ ጧት ትኩሳት ይዞኝ ተነሣሁ። የምሠራበት ክፍል ኃላፊ ያለ ወረቀት መቅረትን የማይወድ ሰው ስለ ሆነ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ መተኛት ሲገባኝ ተነሥቼ አራዳ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ካርድ አውጥቼ ተሰለፍሁ። በአግዳሚው ላይ በግራዬ የሚያስል ሽማግሌ፣ በቀኜ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበሩ። የእኔ ጉንፋን ወደ ሕፃኑ፣ የሽማግሌው ሳል ወደ እኔ ሲተላለፍ እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ቆየን። በመጨረሻ ተራዬ ደርሶ ስገባ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

«ስንት ቀን ይጻፍልህ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ በአንዲት ቀን ብመለስ ሞኝነት መሰለኝ። «ሦስት» አልሁ። ጻፈልኝ፤ ማኅተም አደረገበት። ሐሙስ ዕለት ድኜ በፒያሳ ስዘዋወር ውዬ፣ ዓርብ ወደ ሥራ ገባሁ። ኃላፊዬም ወረቀቱን ተመልክቶ ደስ አለው። በቃሌ ቢያምነኝ ኖሮ አንድ ቀን ብቻ ያጣኝ ነበር፤ ወረቀት ስለ ጠየቀኝ ሦስት ቀን አጣኝ። ዋሾውን ይይዛል የተባለው ደንብ እኔን ዋሾ አደረገኝ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አሠሪዎች ምክንያት የላቸውም ልል አልፈልግም፤ እንዲያውም አላቸው። አየር መንገድ አንድ አብራሪ ቢቀርበት ምትኩን ካላገኘ አይሮፕላኑ አይነሣም። ቀሪው ጸሐፊ ሲመለስ የተከማቸውን ወረቀት ይጨርሰዋል፤ ያልተነሣ አይሮፕላን ግን ያን ዕለት የጠፋ ነው። ከዚህም በላይ «ታምሜአለሁ» የሚለው ቃል እንደ ጦር መሣሪያ የዋለበት ጊዜ አለ። እ. ኤ. አ. በየካቲት 1999 የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች ከኩባንያው ጋር ተጣልተው በብዛት «ታመናል» ብለው ቀሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ዳኛውም ወደ ሥራ እንዲመለሱ ያዘዘውን ትእዛዝ ባለማክበር የአብራሪዎቹ ማኅበር 45.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። በ2016ም (እ. ኤ. አ.) በጀርመን የቱዊፍላይ ሠራተኞች ኩባንያው ሳይታሰብ የአደረጃጀት ለውጥ ማሰቡን በነገራቸው ሰሞን በአንድ ጊዜ ታመሙ። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ከተነሣ ሐኪም ሳይሆን አስታራቂ እንደሚያስፈልገው ማንም ይረዳል።

ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ የጀርመኖቹን ያን ሰሞን የሐኪም ወረቀት መጠየቅ አላቆማቸውም። በዚያ አገር ማስረጃ ማቅረብ የታወቀ ደንብ ነው፤ ማስረጃ ያላቸው «ሕመምተኞች» ነበሩ። ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሲደርስም፣ ዳኞቹ በሚያዝያ 2010 (እ. ኤ. አ. 2018) ለተጉላሉት መንገደኞች ኩባንያው ካሣ ከመክፈል አያመልጥም፤ ሠራተኞቹን ያስቆጣው የኩባንያው የራሱ ሥራ ነው የሚል ፍርድ ሰጡ። ቁጣን የሚያበርደው ውይይት ነው፤ ወረቀት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ለቁጣው ማኅተም መስጠት ብቻ ነው።

በእኛም አገር የአየር ማመላለሻ ሥራ በ1996 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት አገልግሎቶች መካከል ተቆጥሮ፣ ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ እንዳያደርጉ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም አድማ የተከለከለ ሰው ሁሉ በታመመ ቁጥር አድማ አድርጓል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ይህም በእውነት ለታመመው ሰው ሁለተኛ ሕመም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. ማርች 24 ቀን 2015) ከባርሴሎና ወደ ዱሴልዶርፍ ይበር የነበረ የጀርመንዊንግስ አይሮፕላን በፈረንሳይ ተራሮች ላይ ወድቆ 150 ሰዎች አለቁ። ካፒቴኑ ለአንድ አፍታ ወጣ ባለ ጊዜ ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አይሮፕላኑን ሆን ብሎ ወደ ተራራው መራው። ከዚያ በኋላ መርማሪዎች ቤቱን ሲፈትሹ ምን አገኙ? የተቀዳደደ የሐኪም ወረቀት። ሐኪም መርምሮ ሥራ እንዳይገባ ጽፎለት ነበር፤ ከወረቀቶቹ አንዱ ያንኑ ዕለት የሚያጠቃልል ነበር። እርሱ ግን ቀደደውና አይሮፕላኑ ውስጥ ገባ።

የፈረንሳይ የአይሮፕላን አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት በማግሥቱ ዓመት ያወጣው መግለጫ ከምክንያቶቹ መካከል ያሰፈረው፣ ሰውየው መታመሙ ቢታወቅበት የመብረር ፈቃዱንና እንጀራውን ያጣል የሚል ፍርሃት የነበረበት መሆኑን ነው። ፈቃድ ላጣ አብራሪ ገቢውን የሚተካ ኢንሹራንስም አልነበረውም። የዚያን ቀን የጐደለው ማስረጃ አልነበረም፤ ማስረጃውማ በቁርጥራጭ ተገኝቷል። የጐደለው «ታምሜአለሁ» ብሎ ሥራውን ሳያጣ የሚናገርበት ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ይህን አይቶ፣ ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ አየር መንገዶች ሁሉ አብራሪዎች የደረሰባቸውን ችግር ያለ ፍርሃት ለሥራ ጓደኞቻቸው የሚያካፍሉበትና ርዳታ የሚያገኙበት ድርጅት እንዲኖራቸው አስገደደ።

የእኛም አገር ከዚህ የራቀች አይደለችም። ከዚያ አደጋ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ. ም. ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮማና ሚላኖ የተነሣ አይሮፕላናችን ከ200 በላይ ሰዎች እንደ ጫነ ጄኔቭ ላይ አረፈ። ካፒቴኑ ወደ መጸዳጃ ቤት በሄደበት ጊዜ በሩን የቆለፈው ረዳት አብራሪው ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት አንድም ሰው አልተጐዳም። የአገራችን ፍርድ ቤት በሌለበት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ እሥራት ፈረደበት። የስዊስ ዳኞች ደግሞ ሐኪሞች የሰጡትን ምስክርነት ተቀብለው፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለሥራው ተጠያቂ አይደለም፣ ሕክምና ይሰጠው አሉ። ከሁለቱ ፍርዶች የቱ እንደሚሻል ለመመዘን ይህ ቦታው አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያች ሌሊት በፊት የነበሩት ሳምንቶች ናቸው። በአገራችን ጉንፋን ያለበት ሰው እንኳ ወረቀት ሲጠየቅ የሚያፍር ከሆነ፣ «እንቅልፍ አጣሁ፤ ሰው የሚከታተለኝ ይመስለኛል» የሚል ሰው ለማን ይናገራል? የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ ያለን ልማድ ጠበል መውሰድ ወይም መደበቅ ነው። በጠበሉ አልቀልድም፤ በመደበቁ ላይ ነው ነገሬ።

ድካምስ? ድካም ራሱ ከሕመም አይቆጠርምን? ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ. ም. ከካርቱም የመጣ አይሮፕላን ቦሌ ማረፍ በሚገባው ሰዓት መውረድ ሳይጀምር በከፍታው እንዳለ አልፎ ሄደ፤ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የነበረው ግንኙነት ለጥቂት ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ግን ተመልሶ በሰላም አርፏል። አየር መንገዱም ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ ሠራተኞቹን ከበረራ አገለለ። አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር በብዙ ጋዜጦች ተጽፏል። ልጁ ታሞበት ሌሊቱን ሲያስታምም ያደረ አብራሪ ጧት ወደ ሐኪም ሄዶ ምን ብሎ ያስጽፋል? ትኩሳት የለውም፤ ልቡም በደኅና ይመታል። ሐኪሙ የሚጽፈው ነገር የለም። ይህ ሰው በቃሉ ካልታመነ በምን ይታመናል?

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ለአብራሪ ቢያንስ ያ የቀድሞው አዋጅ ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሰጥቶት የነበረው ይሰጠው፤ አንድና ሁለት ቀን በቃሉ ይታመን፤ ሦስት ቀን ሲሞላ ሐኪም ይይ። በዓመት ከተወሰነ ቀን በላይ ሲያልፍም ማስረጃ መጠየቁ አግባብ ነው። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው የቀሪ መዝገቡና የዕድገት መዝገቡ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው፤ አለዚያ ሕጉ በወረቀት ላይ ቢለወጥም አብራሪው በልቡ የሚያሰላው ሒሳብ አይለወጥም። ሐኪሙም ቢሆን ሰውየው መብረር ይችላል ወይም አይችልም ከማለት አልፎ፣ በሽታው ምን እንደ ሆነ ለሥራ አስኪያጁ የሚዘረዝርበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ ሁሉ አንዳንድ አታላይ ያተርፍበት ይሆናል። ያተርፍበት። አንድ አታላይ አንድ ቀን ተኝቶ ቢውል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ አንድ ሐቀኛ ታምሞ ቢበር የሚጠፋውን ግን ማንም በገንዘብ ሊተምነው አይችልም።

የአብራሪነት ሥራ በአገራችን የክብር ሥራ ሆኖ የኖረ ነው። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ. ም. ሲቋቋምና መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ መሪውን የጨበጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ. ኤ. አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆነው እስኪገኙ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚያ ዘመን ጥያቄው «ኢትዮጵያዊ በአይሮፕላኑ ላይ ሊታመን ይችላልን?» የሚል ነበር፤ መልሱም ተገኘ። የአንድ ሙሉ አይሮፕላን ኃላፊነት የተሰጠውን ሰው በራሱ ጉንፋን ላይ አለማመን ለእኔ የኋሊት መሄድ ይመስለኛል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የአስተዳደር ትምህርት የምታጠኑ፣ ወይም ከጥቂት ወራት በፊት ተመድባችሁ የሰው ፋይል በእጃችሁ የገባ ወጣቶች፣ ነገ «ስንተኛህ ነው?» ብላችሁ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። ስልኩን ከማንሣታችሁ በፊት የሰውየውን የሥራ ዓይነት አንድ ጊዜ ብታስቡ ምን ይላችኋል? የአውቶቡስ ሾፌሩንም፣ በቀዶ ጥገና ክፍል ያለችውንም ነርስ፣ ሌሊት ከባድ መኪና ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውንም ጨምሩበት። የሁሉም ጆሮ እንደ አብራሪው አይደፈንም እንጂ የሁሉም ዓይን በትኩሳት ይፈዛል።

ወዳጄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ባለፈው ወር ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ነው። በዚያችው ሻይ ቤት ተቀመጥን። የጆሮው ታምቡር ተቀድዶ እንደ ነበርና እንደ ዳነ፣ አሁን ግን ከበፊቱ ትንሽ ደንቆሮ መሆኑን እየሣቀ ነገረኝ። ከዚያች በረራ በኋላ የኩባንያው ሐኪም አይቶት፣ አሥራ አንድ ቀን ምንም እንዳይበር አዘዘለት። ለአንድ ቀን ወረቀት የጠየቀው መሥሪያ ቤት አሥራ አንዱን ቀን ያለ ምንም ጥያቄ ከሙሉ ደመወዙ ጋር ከፈለው። ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ማኅተሙም ክብ፣ ሰማያዊና የጠራ ነው።